ተሰብስበናል፤ ግን ተማክረናል ወይ?

 

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ቴፒ ውስጥ ቤተሰብ መሥርቶ የሚኖር ጎልማሳ፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የካሉብ ጋዝ መውጣት ጀምሯል። በጋዝ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ የሚባል ነገርም እንሰማለን። በናፍጣ የሚሠራውም ወደ ጋዝ ይቀየር ይሆናል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ወደ አንድ አካባቢ ሲመጣ ሕዝቡ ይጠየቃል? ወይስ እንደ ድሮው ነው?»

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ «እንደ ድሮው» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ድሮ እንዴት ነበር? ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ይህን ጥያቄ በሁለት መስመር ብመልስ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ስለዚህ ጽሑፉ ረዘመ። ቡና አስፈልታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

የቱ ጋዝ?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በእኛ አገር «ጋዝ» ሲባል እናቶቻችን የሚገባቸው ሌላ ነው። ጋዝ ማለት ከሱቅ በጠርሙስ እየተለካ የሚገዛው፣ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ነጭ ጋዝ ነው፤ ላምባ የምንለው። ሸኮ ገጠር ገብታችሁ «ጋዝ ሊመጣ ነው» ብትሉ፣ ብዙ ሰው የላምባ ዋጋ ሊቀንስ ነው ብሎ ነው ደስ የሚለው። የከተማው ሰው ደግሞ የሚያስበው የማብሰያውን ሲሊንደር ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከሁለቱም ይለያል። ከመሬት በታች ዓለት ውስጥ ታምቆ የሚገኝ፣ አብዛኛው ሚቴን የሆነ ነገር ነው። ሲቃጠል ከናፍጣና ከድንጋይ ከሰል ያነሰ ጭስ ይወጣዋል። ሳይቃጠል ካመለጠ ግን ሚቴኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ አየሩን የሚያሞቅ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ጠርጥሩ።

ካሉብ ኦጋዴን ውስጥ ነው። እዚያ ጋዝ መኖሩን ያገኘው ተኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። በደርግ ጊዜ የሶቪየት ባለሙያዎች መጥተው ቆፈሩ። ከዚያ በኋላ ስንት ውል ተፈረመ፣ ስንት ውል ፈረሰ። በመጨረሻ በመስከረም 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ የፈሳሽ ተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ማለት ነው።

ከሸኮ እስከ ካሉብ አገሪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄ ስለ ጋዙ ብቻ አይመስለኝም። ስለ መጠየቅ ነው። ያ ጉዳይ ደግሞ እኛ ጋ ከጋዝ በፊት ብዙ ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

እኛም አንድ ጊዜ «ተቀይረናል»

የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ የእኛ ከተሞች መብራት ከግድብ የሚመጣ አልነበረም። በ1948 የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ አሠራሩ ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው እርስ በርሱ የተያያዘው ዋና መስመር ነው፤ በኋላ ከግድብ ግድብ እየተቀጠለ አገር ያዳረሰው። ሁለተኛው ከዋናው መስመር የራቁ ከተሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በናፍጣ ጄኔሬተር የሚበሩበት ነው። የእኛ በኩል በሁለተኛው ነበር። ማታ ማታ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁሉም ሰው ኩራዙን ይፈልጋል። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ የናፍጣ ቦቴ ከቆመ ከተማው ይጨልማል።

ከዚያ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር በጅማና በቦንጋ በኩል መጣ፤ ሞተሩም ዝም አለ። ልብ በሉ፣ እኛም እንግዲህ አንድ ጊዜ ተቀይረናል፤ ከናፍጣ ወደ ውሃ። ዛሬ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው።

ከእንጨት ወደ ላምባ፣ ከላምባ ወደ ናፍጣ፣ ከናፍጣ ወደ ውሃ፤ አሁን ደግሞ በምሥራቅ በኩል ጋዝ። የሚነደው ነገር ተለዋውጧል። አሳሳቢው ነገር ውሳኔው የሚደርሰን መንገድ እምብዛም አለመቀየሩ ነው።

ከአዋጅ በፊት የነበረው

በጃንሆይ ጊዜ ማማከር የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋዋት ያመነጭ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። በውሃው ምክንያት የአዋሽ ዳር ሰዎች ተነሡ። የግድቡ ታሪክ ሲነገር ንጉሠ ነገሥቱ ሪባን የቆረጡበት ቀን ይነገራል፤ የተነሡት ሰዎች ግን አይነሡም።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ስብሰባ በዛ። ቀበሌ፣ ገበሬ ማኅበር፣ የወጣት፣ የሴቶች፤ ስብሰባ ያልተደረገበት ሳምንት የለም። ግን ስብሰባው ከላይ የተወሰነውን የሚሰሙበት ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ከሰሜንና ከሌላም ቦታ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሰፈራ መጣ። ብዙው በፈቃዱ አልነበረም። እዚህ የነበረው ሕዝብም አልተጠየቀም። ሳይጠየቅ የመጣና ሳይጠየቅ የተቀበለ ሕዝብ አንድ ደን ውስጥ ተገናኘ። የሁለቱም ልጆች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አስተምሬያለሁ፤ ማንኛቸውም ጥፋተኛ አይደሉም። ከዚያ ቀጥሎ መንደር ምሥረታ መጣ፤ እሱም በትእዛዝ።

እንግዲህ ተማሪዬ «እንደ ድሮው» ያለው ይኼንን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለት ቦታ ላይ ስለዚህ ይናገራል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ዕቅድና አፈጻጸም ላይ እንዲመክር መብት ይሰጠዋል።

ከዚያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተጽዕኖው የሚያሰጋ ፕሮጀክት ሳይጠናና ሳይፈቀድለት ሥራ አይጀምርም። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጥበታል፤ በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ የሚለው ነገር በሪፖርቱም በግምገማውም ውስጥ ይካተታል።

ይህ አስተሳሰብ እኛ ጋ ብቻ የተወለደ አይደለም። መነሻው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ነው። «ከመሥራትህ በፊት የሚያስከትለውን ጻፍ፤ የጻፍከውን ለሰው አሳይ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ እየተቀባበለ ወሰደው። እኛም ወሰድነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጎድል ብዙ የለም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ጎረቤታችን ኦሞ ላይ እንየው።

ጊቤ ሦስት

ጎጀብን ታውቁታላችሁ፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትመጡ የምትሻገሩት ወንዝ ነው። እሱ ሄዶ ኦሞን ይቀላቀላል። ኦሞ ላይ የተሠራው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ሲመረቅ ከአገሪቱ ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ዛሬ እኔ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ይህንን የምጽፍላችሁ ከእሱም በሚመጣ ኃይል ነው። ግድቡን ልረግም አይደለም የተነሣሁት። ቅደም ተከተሉን ብቻ ተመልከቱ።

የግንባታው ውል ከጣሊያኑ ሳሊኒ ጋር የተፈረመው ሐምሌ 1998 ነው፤ ያለ ጨረታ። ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ተጀመረ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በሚመለከተው መንግሥታዊ አካል የጸደቀው ሐምሌ 2000 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ! ያ «ሳይፈቀድ አይጀመርም» የሚለው አዋጅ ደግሞ ከወጣ ዓመታት አልፎታል።

ከግድቡ በታች፣ ኦሞ ዳር፣ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ክዌጉ፣ ካራ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች ይኖራሉ። ብዙዎቹ የሚዘሩት በወንዙ ሙላት ነው። ክረምት ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን ያጠጣል፣ ደለል ይተዋል፤ ውሃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። ግድብ ሙላቱን ያስቀራል ማለት ያንን እርሻ ያስቀራል ማለት ነው። ኢንተርናሽናል ሪቨርስ የተባለው ድርጅት የፕሮጀክቱን ሰነዶች አይቶ እንደጻፈው፣ ከእነዚህ ሕዝቦች ጋር ተደረገ የተባለው ምክክር ከአራት ማኅበረሰብ 93 ሰዎች ያነጋገረ ነበር፤ ያውም ሥራው ከተጀመረ በኋላ።

የመንግሥትንም ወገን ልናገር፤ ታሪክ በአንድ ጆሮ አይሰማም። ነሐሴ 1998፣ ውሉ በተፈረመ በወሩ፣ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች በኩል ከ360 በላይ ሰው ገደለ። መንግሥት «ግድቡ እንዲህ ያለውን ጎርፍ ይገታል፤ ለእርሻው የሚሆን ሙላት ደግሞ በልክ እንለቃለን» ይል ነበር። ቀላል ክርክር አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ በዚህ ክርክር ላይ ከማንም በላይ ሊናገር የሚችለው ማን ነበር? በሙላቱ ልጁን ያጣው፣ በሙላቱም ልጁን የሚያበላው ያው የዳሰነች ሰው ነው። ምን ያህል ሙላት እንደሚያጠጣው፣ ምን ያህሉ እንደሚያጠፋው ከአባቱ የተማረ ነው። ያ ዕውቀት ወደ ንድፉ መግባት የሚችለው ንድፉ ሳያልቅ ነበር። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ዕውቀት ቅሬታ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። መጥኖ መደቆስ ድስቱ ሳይጣድ ነው።

አሁን በዚያው ወንዝ ላይ፣ ወደ እኛው ክልል ተጠግቶ፣ ኮይሻ እየተሠራ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ጋዝ የደረሰባቸው ምን ገጠማቸው?

ተማሪዬ የጠየቀኝ ስለ ጋዝ ስለሆነ አንድ የአፍሪካ ታሪክ ልጨምርለት። ጋና ውስጥ ታኮራዲ አጠገብ አንድ የኃይል ማመንጫ አለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት የሚሠራው በድፍድፍ ነዳጅ ነበር። ወደ ጋዝ እንዲቀየር ከናይጄሪያ በቤኒንና በቶጎ በኩል፣ አብዛኛው በባሕር ውስጥ፣ 678 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ተዘረጋ። የዓለም ባንክም ዋስትና ሰጠ። በወረቀት ላይ ሁሉም ያማረ ነበር፤ ርካሽ ኃይል፣ ያነሰ ጭስ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ቧንቧው በመሬታቸው ያለፈባቸው የናይጄሪያ መንደሮች ለባንኩ ገለልተኛ መርማሪ ፓነል አቤት አሉ። ፓነሉ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት ካሣው ሊከፈል ከሚገባው በጣም ያነሰ መሆኑን አገኘ፤ ስሌቱ ላይ ስሕተት ነበር። ሰነዶቹም ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋና መልክ በወቅቱ አልደረሱም። ጥናቱ አልቀረም፤ ተጠንቷል። ስብሰባውም አልቀረም። የቀረው ሰውየው ገብቶት መልስ መስጠት መቻሉ ነው።

ጋዙ ታኮራዲ ደረሰ፤ ማመንጫው ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የባሕር ወንበዴዎች የነበሩበት መርከብ መልሕቅ ቶጎ አጠገብ ቧንቧውን በጠሰው፤ ጋዙ ለወራት ተቋረጠ። ጋናውያን ያንን የመብራት መጥፋትና መምጣት «ዱምሶር» ብለው ስም አወጡለት። እኛ «ሄደ! መጣ!» እንደምንለው ማለት ነው።

የራሴን ልናገር

እስካሁን የሌላውን አወራሁ። አሁን የራሴን ጥፋት ልጻፍ፤ ብዙ ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ የገጠር ቀበሌ ስለ መስመር ዝርጋታ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ የምከሰው ራሴን ነው። ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠየቅሁ። ሰው አዳራሹን ሞልቶታል። ከከተማ የመጡት አስረዱ፤ ልማት ነው፣ ምሰሶ ይተከላል፣ ከሽቦው ሥር ያለ ዛፍ ይቆረጣል፣ ቡናው የሚነካበት ሰው ካሣ ያገኛል። ንግግሩ በአማርኛ ነው። የአካባቢው ሰው ቋንቋ ሸኮኛ ነው። አስተርጓሚ የተደረገው አንድ የቀበሌ ሰው ነበር።

አንዲት እናት ተነሡ። ኩታቸውን አስተካክለው ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ፤ እጃቸውን ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ ወደ ደረታቸው፣ ከዚያ ወደ ደኑ እያመለከቱ። አስተርጓሚው «ለልማቱ ደስ ብሏቸዋል፤ ካሣው ቶሎ ይሰጠን ይላሉ» አለ። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «ተሰብሳቢው ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ብዬ ዘጋሁ። ሰው እየተሰለፈ ፈረመ፤ መፈረም የማይችለው በጣቱ። ማኅተም ተመታ።

ስንመለስ አብሮኝ ይሄድ የነበረ የሸኮ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ እማማ ያሉት እኮ እሱ አይደለም» አለኝ። ምን ነበር ያሉት? ሁለት ጥያቄ ነበር የጠየቁት። አንደኛው፦ «ይኼ መብራት ቤታችን ይገባል ወይስ በላያችን ነው የሚያልፈው?» ሁለተኛው፦ «ለቡናው ትከፍላላችሁ፤ ባለቤቴ ቀፎ ለሚሰቅልበት ዛፍስ? ያንን ዛፍ የተከለው ሰው የለም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም ልትሉን ነው?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በሁለቱ ቀን ስልጠና እንኳ ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ቴክኒክ ነው፤ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ማከፋፈያና ትራንስፎርመር ከሌለው ሥሩ ላለው ቤት መብራት አይሰጥም። ሁለተኛው ሕግ ነው። በጎረቤታችን ሸካ «ኮቦ» የሚባል ነገር አለ፤ የደኑ ክፍል ከቀፎው ጋር የአንድ ቤተሰብ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት። ለመንግሥት ወረቀት ደን የሆነው ለባለቀፎው ርስቱ ነው። እማማ ይህንን ነበር የጠየቁት፤ እኔ «ደስ ብሏቸዋል» ብዬ ጻፍኩ።

መመለስ እችል ነበር። ማኅተም ተመቷል ብዬ ተውኩት። ዛፉ ተቆረጠ። ሽቦው ለብዙ ዓመት በላያቸው አለፈ፤ ከሥሩ ኩራዝ ይበራ ነበር።

ይህን የማነሣው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። አስተርጓሚው እንግዶቹን ላለማስቀየም ብሎ ነው፤ እንግዶቹም ጊዜ አጥሯቸዋል፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሁላችንም ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅ እንፈልግ ነበር። ምክክር የሚገደለው ብዙ ጊዜ በጭካኔ አይደለም፤ በይሉኝታና በችኮላ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

መሥሪያ ቤቶቻችን ሁለት ቃል አላቸው፦ «ምክክር» እና «ግንዛቤ ማስጨበጫ»። መድረኩ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ የመጀመሪያውን ይላል፤ የሚደረገው ሁለተኛው ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። «አይሆንም» ወይም «እንዲህ ይሁን» ብትል የሚቀየር ነገር ካለ ምክክር ነው። የሚቀየር ነገር ከሌለ ገለጻ ነው። ገለጻም ክፉ አይደለም፤ ግን በስሙ ይጠራ።

እና የቴፒው ልጄ፣ መልሴ ይኸው። ጋዝም ይሁን ግድብ፣ መስመርም ይሁን የሻይ ልማት፣ ስትጠራ ሂድ፤ ሄደህም ይህን ጠይቅ፦

አንደኛ፣ መቼ ነው የጠራችሁን? ውል ተፈርሟል ወይ? ቦታው ተመርጧል ወይ? ገና ያልተወሰነው ነገር የቱ ነው?

ሁለተኛ፣ የጥናቱ ሰነድ የት አለ? አዋጁ ክፍት ይሁን ይላል። ሦስት መቶ ገጽ ሳይሆን የሚነበብ አጭር ነገር በአማርኛ ይምጣ፤ በቃል ደግሞ በሸኮኛ፣ በቤንችኛ፣ በሸክኛ ይነገር። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ሕዝቡ የሚያስበው በአማርኛ ነው ማለት አይደለም። «ጋዝ» የምትለዋን ቃል ብቻ እንኳ አስቡ፤ ላምባ መስሎት እጁን ያወጣ ሰው ተስማማ ይባላል?

ሦስተኛ፣ ነገሩ እንዴት ይሠራል? የጋዝ ማመንጫ ከሆነ ጋዙ በቧንቧ ነው የሚመጣው? ወይስ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ፣ ፈሳሽ ሆኖ በቦቴ? ቦቴው በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ ያልፋል? ማቀዝቀዣ ውሃ ከየትኛው ወንዝ ይቀዳል? ጋዙ ሲቋረጥ ምን ይነዳል?

አራተኛ፣ ካሣው እንዴት ተሰላ? በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚነሣ ባለይዞታ መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ሊመከርበት ይገባል። አንድ ዓመት! ቀኑን ቁጠሩ።

አምስተኛ፣ ከመፈረምህ በፊት ቃለ ጉባኤው ይነበብ። በአካባቢው ቋንቋ ይነበብ። የተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ከነመልሱ ከሌለበት አትፈርም። መልስ ያላገኘም ከሆነ «መልስ አልተሰጠም» ተብሎ ይጻፍ። ጸሐፊው ቢቸኩል፣ እኔን አስታውሰው።

ይህን ሁሉ ሕዝቡ አይችለውም የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። መስከረም 20 ቀን 2014 የእኛ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ በራሱ ክልል ጉዳይ ድምፁን ሰጥቷል። ምልክቱን ለይቶ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ። ያ ሕዝብ መጠየቅም መመለስም ያውቃል። የሚያስፈልገው ጥያቄው በጊዜው መድረሱ ነው።

«እንደ ድሮው ነው ወይ?» ብለኸኛል። ሕጉ እንደ ድሮው አይደለም። ስብሰባውን እንደ ድሮው የሚያደርገው ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው፣ የሚያስተረጉመውና ሳያነብ የሚፈርመው ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ።

እማማ አሁን በሕይወት የሉም። ጥያቄያቸው ግን ዛሬ ተጽፏል፤ ዘግይቶም ቢሆን በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ፦ «ይኼ መብራት ቤታችን ይገባል ወይስ በላያችን ነው የሚያልፈው?»

እናንተ ጋስ እንዴት ነበር? እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ፣ የተባለውንና የተጻፈውን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ሸኮኛ የምትችሉ ልጆቼ፣ «የተፈጥሮ ጋዝ»ን ለአያቶቻችሁ እንዴት ብላችሁ እንደምታስረዱ ንገሩኝ፤ እኔም ልማር።

ቸር ያሰንብተን።